ሜኑው ረዘመ፣ ወጥ ቤቱ አጠረ

በላሊበላ የጃፓን ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰቡ ባለሀብት ገበያውን በሆዳቸው አጠኑ

ለገበያ ጥናት ብዙ መንገድ አለ። አማካሪ ቀጥሮ መቶ ገጽ ማስጻፍ አንዱ ሲሆን፣ ባንክም ብድር ሲጠየቅ የሚወደው ይህንኑ ነው። ከብልባላ መጥተው መርካቶ ውስጥ በእህልና በማር ንግድ የሸበቱት ወዳጃችንም ለአማካሪው ግማሽ ክፍያ ከፍለው አስጀምረዋል። ነገር ግን ነጋዴ ናቸውና በወረቀት ብቻ አላመኑም። «ልሸጠው ያሰብኩትን መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ገዝቼ ልቅመሰው» አሉና የዚህን ዓምድ አዘጋጅ አስከትለው አንድ ምሽት ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ የጃፓን ምግብ ቤት ጎራ አሉ። የምግብ ቤቱን ስም አንጠራም። የእርሳቸውንም እንዳንጽፍ አስቀድመው አደራ ብለውናል። «ሒሳቡን ጻፈው፣ ስሜን ተወው» ነው ያሉት።

ሰውየው ከወንድማቸው ጋር ላሊበላ ላይ የጀመሩት ባለ አሥራ ስድስት ክፍል ሕንፃ አላቸው። የአንደኛው ፎቅ ሶሌታ ተሞልቶ ሳይደርቅ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ገባ። ቱሪስት ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማይቱን ራሷን አዳረሰ። ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆይታ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦሩ ቢርቅም መብራቱ ከዚያ በኋላም ለወራት አልተመለሰም። ጥቂት ሆቴሎች አልጋቸውን ማንጠፍ እንደ ጀመሩ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ሌላ ግጭት ተነሣና በረራው ለጊዜው ተቋረጠ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ወለዱ አልተቋረጠም። ለብድሩ መያዣ የሆነው ደግሞ ልጆቻቸው የሚኖሩበት የአዲስ አበባው ቤት ነው።

የጃፓኑ ሐሳብ የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ሂባቺ ቤት ሰው ተሰልፎ ነው የሚበላው። ሼፉ ፊትህ እሳት እየለቀቀ ይሠራልሃል፤ ጎኑ ሱሺ ነው። ላሊበላ ላይ ማንም የለውም» ብሎ ቪዲዮ ልኮላቸዋል። «ማንም የለውም» የሚለው ቃል ነጋዴን እንዴት እንደሚያባብል አንባቢ ያውቃል። ማንም የሌለው ለምን እንደ ሆነ ግን ቪዲዮው አይናገርም።

ከሰባት አራቱ «አልቋል»

የቀረበልን ሜኑ አሥራ አራት ገጽ ነበር። እያንዳንዱ ምግብ ከነፎቶግራፉ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ። ከሱሺው ቀጥሎ የቻይና ኑድል፣ ከቻይናው ቀጥሎ የታይላንድ ሾርባ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ክለብ ሳንዱችና ፒዛ ተደርድሯል። ወዳጃችን መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አንድ በአንድ ገለጡና «ይህን ሁሉ ዕቃ የሚያስቀምጡበት መጋዘን የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አስተናጋጇ ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችም።

ሰባት ነገር አዘዝን። ትኩስ ሳልሞን የለም። ኢል የሚባለው የእባብ መልክ ያለው አሳም የለም። ዋግዩ የተባለው ውድ የጃፓን ሥጋ «ከገና ወዲህ አልመጣም»። ቶፉም አልቋል። ከሰባቱ ቀርተው የመጡት ሦስት ናቸው፤ የበሬ ሥጋና ዶሮ በሂባቺ፣ እንዲሁም «ልዩ ቅልቅል» የተባለ የሱሺ ትሪ።

ሂባቺው ላይ ትርዒቱ መልካም ነበር ማለት ይገባል። ወጣቱ ሼፍ ጎበዝ ነው። እንቁላሉን በማንኪያው ጠርዝ አንጥሮ ቆቡ ውስጥ አስገባ። ሽንኩርቱን ቀለበት በቀለበት ደርድሮ ዘይት ጨመረበትና ነበልባል አስወጣለት። የአጠገባችን ገበታ ልጆች አጨበጨቡ። ነገር ግን ሥጋው ትርዒቱ እስኪያልቅ ምጣዱ ላይ ስለቆየ ጫማ ሆኗል። ሩዙ የጠዋት መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ፍሬው ከውጭ ረጥቦ ከውስጥ ክርር ብሏል። ዶሮው የሚበላ ነበር፤ ያም በአኩሪ አተር ሶሱ ጨው ስለተዋጠ።

ሱሺው የባሰ ሆነ። ሩዙ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ነው። ደንበኛው የሱሺ ሩዝ የሰው ገላ ያህል ለብ ብሎ ነው የሚቀርበው። ቱናው የቆርቆሮ ቱና በማዮኔዝ ታሽቶ ነው። «ክራብ» ተብሎ የተጻፈው የክራብ ዘር የለበትም፤ የተፈጨ ነጭ አሳ ተጋግሮ ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት መሳይ ነገር ነው። የተጨሰ ሳልሞን ትንሽ ተገኘ። አረንጓዴው ዋሳቢም ቢሆን በአብዛኛው ዓለም እንደሚደረገው ከሰናፍጭ ቢጤ ሥር የተሠራና ቀለም የገባበት ነው። ወዳጃችን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው «ይህንንስ እናውቀዋለን፤ የእኛው ሰናፍጭ ይሻላል» አሉ።

ሒሳቡ ከ10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና ከ15 በመቶ ቫት ጋር ለሁለት ሰው ከአምስት ሺህ ብር ዘለለ። ገንዘቡን የከፈሉት እርሳቸው ናቸው። ደረሰኙን ግን አልጣሉትም፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው አስገቡት።

ማኔጀሩ ቅሬታችንን በትዕግሥት አዳመጡ። ሰውየው ሌባ አይደሉም፤ ይህን መጻፍ ተገቢ ነው። እንደሚሉት ከሆነ ሳልሞኑ በአውሮፕላን ይመጣል። ሲመጣ ለሳምንት ያህል ይሸጣሉ፤ ከዚያ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የባሕር አረም የሆነው ኖሪ፣ ኮምጣጤው፣ ሶሱ ሁሉ በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ሲሻገር እርሳቸው ሜኑውን እንደገና ማሳተም ስላልቻሉ ዋጋው ላይ ወረቀት ለጠፉበት። «ታዲያ የሌለውን ለምን አታወጡትም?» ስንላቸው የሰጡን መልስ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል። «ሜኑው ካጠረ ደንበኛ ይንቀናል» አሉ።

የሀብታሙ ሂባቺ ቤት ሜኑ ስንት መስመር ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። «ሂባቺ» በጃፓንኛ የእሳት ሳህን እንደ ማለት ሲሆን፣ ጃፓኖች ከሰል አድርገው እጅ የሚሞቁበትና ማንቆርቆሪያ የሚጥዱበት ማንደጃ ነው። ቡና ከምናፈላበት የከሰል ምድጃ ብዙ አይርቅም። አሜሪካኖች ሂባቺ የሚሉት ሰፊ የብረት ምጣድ ግን በጃፓን ስሙ ቴፓን ነው። በምጣዱ ላይ ሥጋ ጠብሶ ለእንግዳ ፊት ለፊት ማቅረብን እ.ኤ.አ. በ1945 በኮቤ ከተማ የጀመረው ሚሶኖ የተባለው ምግብ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህ ይህ «የጥንት ባህል» ዕድሜው ከብዙዎቻችን አባቶች ያነሰ ነው።

ነገሩን ወደ ትልቅ ንግድ የለወጠው ሂሮአኪ አኦኪ የተባለ ጃፓናዊ የነጻ ትግል ተወዳዳሪ ነው። ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ አይስክሬም በመኪና እየዞረ ሸጦ 10,000 ዶላር ቆጠበ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አራት ገበታ ብቻ ያላትን ቤኒሃናን ከፈተ። (አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት መሆኑ ነው። ጃፓን በዚያ ዓመት ለዓለም የታየችው በብዙ በኩል ነበር።) የሐርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ያዘጋጀው የቤኒሃና ጥናት እስከ ዛሬ የንግድ ተማሪዎች የሚወያዩበት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 በ365 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ታዲያ የትርፉ ምሥጢር እሳቱ ነበር? አልነበረም። ዋናው ነገር ሦስት ነው፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ሽሪምፕ። ሜኑው ይኸው ነው። ሦስት ነገር ብቻ የሚገዛ ሰው አይጥልም፣ አያበላሽም፣ «አልቋል» አይልም። ሼፉ ወጥቶ ገበታው ላይ ስለሚሠራ ደግሞ ወጥ ቤቱና መጋዘኑ ከጠቅላላው ወለል 22 በመቶ ያህል ብቻ ወሰደ፤ ለሌላው ምግብ ቤት 30 በመቶ ያስፈልገው ነበር። የተረፈው ቦታ ወንበር ሆነ፤ ወንበሩ ገንዘብ ሆነ። እንግዳ ስምንት እስኪሞላ ባሩ ጋ መጠጥ ይዞ ይጠብቃል፤ ያም ይሸጣል። የማይተዋወቁ ስምንት ሰዎችን በአንድ ምጣድ ዙሪያ ማስቀመጥ የአንድ ሼፍ ደመወዝ ለስምንት ሰው ማካፈል ማለት ነው።

በቦሌው ቤት የተገለበጠው ነበልባሉና የእንቁላሉ ጨዋታ ሲሆን የቀረው ሜኑውን ማሳጠሩ ነው። ወዳጃችን ይህን ስነግራቸው ብዙ አሰቡና «እኔም እኮ ሱቄ ውስጥ አርባ ዓይነት ስይዝ ከስሬ፣ አራት ዓይነት ስይዝ ነው ቤት የሠራሁት» አሉ።

ሚኒስትሩ ኮሎራዶ ላይ ያዩት

በጃፓን ምግብ ስም መታለል የአዲስ አበባ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ታሪክ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቶሺካቱ ማትሱኦካ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ጃፓናዊ ነኝ በሚል ምግብ ቤት ተቀምጠው ከሱሺው ጎን የኮሪያ ጥብስ ተደርድሮ ያያሉ። አገራቸው ሲገቡ በውጭ ያሉ ጃፓናዊ ነን ባይ ምግብ ቤቶች ተመርምረው የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው የሚል ዕቅድ አወጡ። የአሜሪካ ጋዜጦች «የሱሺ ፖሊስ» ብለው ሳቁባቸው፤ ዕቅዱም በዚያ መልኩ አልቀጠለም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በፈቃደኝነት ለሚቀርቡ የውጭ ሼፎች ብቻ የሙያ ደረጃ መስጠት ተጀመረ። ሚኒስቴሩ በ2006 በዓለም ላይ 24,000 ያህል የቆጠራቸው የጃፓን ምግብ ቤቶች በ2023 እ.ኤ.አ. 187,000 ደርሰዋል። ሁሉንም የሚቆጣጠር ፖሊስ አይገኝም።

ሆኖም ጃፓናዊ ሸማች ራሱ ፖሊስ ነው። የቡና ላኪዎቻችን ይህን አይረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቡናችን ውስጥ የጸረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተብሎ የጃፓን ገበያ ሲያሽቆለቁል ብዙ ቤት ተናግቷል። ላሊበላ የሚመጣ ጃፓናዊ ቱሪስት በቆርቆሮ ቱና የተሠራ ሱሺ ቢቀርብለት ምናልባት አይጮህም፤ አመስግኖ ይወጣል፤ ሁለተኛ ግን አይመለስም፣ ቡድኑንም አይልክም።

ሱሺ ጋሸና ላይ ይቀልጣል

እንግዲህ ቦሌ ላይ ይህ ከሆነ ላስታ ላይ ምን ይሆናል? ወዳጃችን መጀመሪያ ያሰቡት የጣናን አሳ ነበር። «ሳልሞኑ ቢቀር ቆሮሶ አለ፤ ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ መኪና አለ» የሚል ነው። ሐሳቡ የዋህ ይመስላል እንጂ ብዙ ሆቴሎች የሚያስቡት ነው። ችግሩ የወንዝና የሐይቅ አሳ በጥሬው አይበላም። የኮሶ ዘመድ የሆኑ ትሎችና ሌሎች ጥገኛ ተዋስያን አሉበት። በአሜሪካ ሕግ በጥሬው የሚቀርብ አሳ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያለበለዚያም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት። የቤት ፍሪዘር ደህና ቢሠራ ከዜሮ በታች 18 ነው። ሰባት ቀን ደግሞ ሳይቋረጥ ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር ማስነሣት፣ ናፍጣ መግዛት፣ ናፍጣ ሲጠፋ አሳውን መጣል። መኪናውም በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ጋሸና ሲደርስ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ገና 64 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ መንገድ በተዘጋ ቀን በረዶው እዚያው ውኃ ይሆናል።

አሳውን ተሻግረን ሩዙ ላይ እንድረስ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ለምን እንደሚዘገይ የላስታ እናቶች ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። የሱሺ ሩዝም እንደዚያው ነው፤ በተራ ድስት ቢጣድ ላዩ ሲላላ ልቡ ጥሬ ይቀራል። የቦሌውም ሩዝ ክርር ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ አበባም ዝቅ ያለች ከተማ አይደለችም። መፍትሔው ፕሬሸር ኩከር ነው፤ ያም ውድ አይደለም። ለሱሺው ያስፈለጉት ሌሎች ነገሮች ግን በፕሬሸር ኩከር አይገኙም።

ሩዙስ ከየት? ይህ ነው የሚገርመው። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚሄደው ሰው ወረታ ላይ በፎገራ የሩዝ ማሳ መካከል ያልፋል። ፎገራ ላይ ሩዝ የተስፋፋው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ የአገሪቱን የሩዝ ምርምር ሲደግፍ ቆይቷል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚያው ነው። ጃፓን ወደ አማራ ክልል ያመጣችው ምግብ ካለ ሱሺ ሳይሆን ይህ ነው።

ብልባላ ምን አላት?

ወዳጃችን ስለ ትውልድ ቀያቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ብልባላ ከላሊበላ በስተሰሜን ምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቅ፣ ወደ ሰቆጣ የሚያልፈው መንገድ ላይ ናት። የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ይገኛሉ። በጊዮርጊስ ግንብ ውስጥ የሚኖሩት ንቦች በአገሩ የታወቁ ሲሆኑ፣ ማራቸው ለፈውስ የሚሰጥ እንጂ ለገበያ የሚወጣ አይደለም። ለገበያ የሚወጣው የገበሬው ማር ነው፤ እርሳቸውም የመጀመሪያ ካፒታላቸውን ያገኙት ያንን በአህያ አስጭነው ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በማውረድ ነበር። በግና ፍየል አለ። ዶሮና እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ባቄላ አለ።

የውጭ ምግብ በላስታ አይሸጥም ማለታችን ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ስኮትላንዳዊቷ ሱዛን አይቺሰን ከአገሬው ሸሪካቸው ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ቤን አበባን ሲከፍቱ፣ የስኮትላንዱን ምግብ ከአበሻው ጎን አቀረቡ። «ቤን» በስኮቶች አነጋገር ተራራ ነው። ቤቱን ብዙ የውጭ ጎብኚ አውቆታል፤ ለእይታው ሲል የመጣ ብዙ ነው። የዚህ ጸሐፊ ትኩረት ግን በአንድ ነገር ላይ ነው። ከሚታወቅባቸው ምግቦች አንዱ የእረኛ ፓይ የሚባለው፣ የተፈጨ ሥጋ በድንች ተሸፍኖ በምድጃ የሚጋገረው ነው። ሥጋውም ድንቹም በላሊበላ ገበያ አለ። ከስኮትላንድ የመጣው አሠራሩ ብቻ ነው። አሠራር ደግሞ ቀረጥ የለውም፣ ፍሪዘርም አይፈልግም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሂባቺው ፈተናውን ያልፋል፤ ምጣድ፣ እሳት፣ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አትክልት ነውና። በጾም ወቅት ደግሞ (ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን መሆኑን፣ ረቡዕና ዓርብንም ሳንረሳ) ሥጋና ዶሮውን አስቀምጦ አትክልቱንና የፎገራውን ሩዝ መሸጥ ይቻላል። ሶሱን እንኳ ጃፓኖች በሚያጣፍጡበት በስኳር ፋንታ በላስታ ማር ማጣፈጥ ይቻል ይሆናል። ሱሺው ግን ከአንድ አትክልት ጥቅል በቀር ምንም የሚቆምበት መሬት የለውም።

ይህ ጸሐፊ ጥርጣሬ የለውም ማለት አይደለም። የቤኒሃና ሒሳብ የሚሠራው ስምንቱ ወንበር ሲሞላ ነው። በገናና በጥምቀት ሰሞን ቡድን ሲመጣ ይሞላል እንበል። በሐምሌ ዝናብ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ትልቁን ምጣድ ለሁለት ሰው ማጋል ጋዝ ማቃጠል ነው። ከውጭ የሚገባውን ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ቴፓን ከመግዛት እዚሁ ብረት ሠራተኛ ዘንድ በሁለት ክፍል የሚነድ ምጣድ ማሠራት ይሻላል ባይ ነን። ደግሞስ ለሁለት ሌሊት የመጣ እንግዳ በላሊበላ ጃፓን ያምረዋል? የላሊበላ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት እንግዳው በመጀመሪያው ቀን እንጀራ፣ በሦስተኛው ቀን ሆዱ የሚያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ገበያው የሦስተኛው ቀን ገበያ ነው፤ ጠባብ ነው።

ወዳጃችን ግን የራሳቸውን ሒሳብ ይዘዋል። ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ደረሰኙን አውጥተው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት። በግ። ዶሮ። የጾም አትክልት በሩዝ። ከሥሩም «ማር»። ሱሺ የሚል የለም። መኪና ውስጥ ገብተው «ትልቁ ፕሬሸር ኩከር መርካቶ ስንት ገባ?» አሉ፤ ራሳቸው መርካቶ ሆነው እኔን መጠየቃቸው ነው።

በማግሥቱ አማካሪውን ጠሩትና ሱሺው ከጥናቱ እንዲወጣ ነገሩት። አማካሪው ወጣት ነው፣ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ሱሺው ከወጣ አማካይ የገበታ ዋጋ ይወርዳል፤ እርሱ ከወረደ ባንኩ የሚፈልገው የትርፍ መጠን አይገኝም ሲል በሰንጠረዥ አሳያቸው።

«የምትቀንሰው እኮ የማይሸጠውን ነው» አሉት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ባንኩ ግን ሜኑውን አይበላም፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው» አላቸው።

ቀጠሮው ባንክ ዘንድ ለፊታችን ሰኞ ነው። ሁለት ዓይነት ጥናት ታትሟል፤ አንዱ ሱሺ ያለው፣ ሌላው የሌለው። የትኛውን ይዘው እንደሚገቡ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልወሰኑም። ብልባላ ያለው ወንድማቸው ግን በግ አቅራቢ እንዲያነጋግር አስቀድመው ደውለውለታል።